በአእምሮ ጤና ክሊኒኩ ማን ይቀጠርልን?

ለወላጆችና ለሽማግሌዎች የቀረበ ንግግር

ቀኑን ሙሉ ሥራ ውላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ልጆቻችሁን ለጎረቤት አደራ ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ በጣም እናመሰግናለን። እኛን ታውቁናላችሁ፤ በኩፓት ሆሊምና በማኅበረሰባችን መካከል የምንሠራ የጤና አገናኞች ነን። ብዙ ጊዜ ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ሕፃናት ክትባት ነው የምናነጋግራችሁ። ዛሬ ግን የመጣንበት ጉዳይ ሌላ ነው፤ እሱም አስቸኳይ ነው።

በሰፈራችን የሚገኘው የአእምሮ ጤና ክሊኒክ ሠራተኛ ጎድሎታል። ሐኪሙ ጡረታ ወጥተዋል፤ ሌሎችም ለቀዋል። የቀሩት አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያና ቶር የምትሰጠው የጽሕፈት ሠራተኛ ብቻ ናቸው። ኩፓው አሁን ሦስት ሙሉ የሥራ መደብ የሚሆን በጀት ይዞ «ማንን እንቅጠር?» እያለ ነው። ከመወሰኑም በፊት የማኅበረሰቡን አስተያየት ጠይቋል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ወደ እኛ በየጊዜው አይመጣም። «እናንተ የተማራችሁት ታውቃላችሁ» ብለን ብንመልስ፣ ይወስናሉ፤ የሚወስኑትም ለመላው ከተማ እንደሚበጅ አስበው እንጂ አማርኛና ትግርኛ ብቻ የሚናገሩ እናት ክሊኒኩ በር ላይ ሲደርሱ ምን እንደሚገጥማቸው አይተው አይደለም።

አስቀድመን ስለ መብታችን ትንሽ እንበል። ዓመቶቹን ሁሉ በዚህ አገር አቆጣጠር ነው የምንጠቅሰው። እስከ 2015 አጋማሽ ድረስ የአእምሮ ሕክምና በጤና ሚኒስቴር እጅ ነበር። ከሐምሌ 1 ቀን 2015 ጀምሮ ግን ኃላፊነቱ ወደ አራቱ የጤና መድን ድርጅቶች፣ ማለትም ወደ ክላሊት፣ ማካቢ፣ ሜኡሔዴትና ሌኡሚት ተላልፏል። ስለዚህ ለጭንቀት፣ ለድብርት ወይም ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሕክምና እንደ ልብና እንደ ኩላሊት ሕክምና ሁሉ ኩፓው ሊሰጠን የሚገባ ነው። በ2011 ደግሞ የጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ባወጡት መመሪያ፣ የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን ለታካሚው ቋንቋና ባህል የሚስማማ እንዲያደርጉ ታዘዋል። ስለዚህ በአማርኛ ለመታከም ስንጠይቅ ልመና አይደለም፤ ማንም «ውለታ ዋልንላችሁ» እንዲለን አንፍቀድ።

አሁን ደግሞ በእንዲህ ያለ ክሊኒክ ማን ምን እንደሚሠራ እንይ፤ ብዙዎቻችን ነጩን ካፖርት ስናይ ሁሉም አንድ ይመስለናልና። የሥነ አእምሮ ሐኪም፣ ፕሲኪያተር የምንለው፣ ሕክምና የተማረ ዶክተር ነው፤ ሕመሙን ይለያል፣ መድኃኒት ያዛል። የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም ፕሲኮሎግ መድኃኒት አያዝም፤ በንግግርና በምርመራ ነው የሚያክመው። ኦቬዴት ሶሲያሊት የምንላት የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኛ ቤተሰቡን፣ መብቱን፣ የቢቱአሕ ሌኡሚን ወረቀት ትይዛለች፤ ሥልጠናው ካላትም በንግግር ታክማለች። በ2000 በወጣው የተሃድሶ ሕግ መሠረት ሳል ሺኩም የሚባለው አገልግሎት አለ፤ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው መኖሪያ፣ ሥራ፣ የሚያግዘው ሰው የሚያገኝበት ማለት ነው። ይህን ለማግኘት ቢያንስ 40 በመቶ የአካል ጉዳት መጠን በአእምሮ ሕመም ምክንያት መታወቅ አለበት። ወረቀቱን የሚሞላ ሰው ከሌለ መብቱ በሕግ መጽሐፍ ላይ ይቀራል። የነርስን ነገር ወደ ኋላ እንመለስበታለን፤ ሙያችን ስለሆነ ብዙ እንዳናወራ ፈርተን ነው።

ኩፓው ያቀረባቸው አማራጮች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው፣ ሙሉ ጊዜ የሚሠራ ሐኪምና ሁለት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች መቅጠር ነው፤ ቋንቋ ሲቸግር በስልክ አስተርጓሚ ይጠራል። ሁለተኛው፣ የሐኪሙን ሰዓት ወደ ግማሽ አውርዶ በቀሪው የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኛ፣ ነርስና በዕብራይስጥ መጋሼር የምንለው አገናኝ ሠራተኛ ያሉበት አንድ ቡድን ማቆም ነው። ሦስተኛው፣ ክሊኒኩን ትንሽ አድርጎ ሠራተኞቹን በቤተሰብ ሐኪሞች ዘንድ ማስቀመጥ ነው፤ ሰው ለስኳሩ በሚመጣበት በር ለልቡም እንዲታይ ማለት ነው።

ብዙዎቻችሁ የመጀመሪያውን እንደምትወዱት እናውቃለን። «ትልቅ ዶክተር ይምጣልን» ማለት ክብር ነው፤ ሐኪም የሌለበት ክሊኒክም ክሊኒክ አይባልም። ነገር ግን በአገሪቱ የሥነ አእምሮ ሐኪም እጥረት አለ፤ ከጥቅምት 7 ቀን 2023 ወዲህ ደግሞ የአእምሮ ሕክምና ፈላጊው በየቦታው በዝቷል። ሙሉ ጊዜ የሚሠራ ሐኪም ተፈልጎ እስኪገኝ መደቡ ባዶ ሊቀመጥ ይችላል። ግማሽ ቀን የሚሠራ ሐኪም ማግኘት ይቀላል። ደግሞስ ሐኪሙ ቢገኝ ከእያንዳንዱ ሰው ጋር የሚቀመጠው ስንት ደቂቃ ነው? ሐኪሙ ያየው ሰው ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላስ ማን ይከተለዋል? መድኃኒቱን ዋጠው ወይስ በመሳቢያ ውስጥ ተወው? ቶሩ ሲያልፈው ማን ደወለለት? የክሊኒኩ መልእክት በስልካችን ላይ በዕብራይስጥ ይመጣል፤ ያላነበበው ሰው ይቀራል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲቀር «ሕክምና አልፈለገም» ተብሎ ፋይሉ ይዘጋል። ፈልጎ ነበር፤ የላኩለትን ማንበብ ግን አልቻለም።

የስልክ አስተርጓሚ ጥቅም የለውም አንልም። ቶር ለመያዝ፣ መድኃኒቱ ከምግብ በፊት ነው በኋላ ብሎ ለመጠየቅ፣ ለድንገተኛ ነገር በጣም ጥሩ ነው። ነገር ግን ከሱዳን መንገድ ላይ ልጃቸውን የቀበሩ እናት ይህን ነገር በጠረጴዛ ላይ ለተቀመጠ ስልክ እንዲናገሩ መጠየቅ ይከብዳል። በ1984 እና በ1985 በሙሴ ዘመቻ ጊዜና ከዚያም በፊት በሱዳን በኩል ከመጡት ወገኖቻችን መካከል ወደ 4,000 የሚጠጉት በመንገድና በመጠለያ ሰፈር ማለፋቸውን ሁላችንም በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን እናስባለን። ያን ጊዜ ወጣት የነበሩት ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸው። ሥራ ሲቆም፣ ልጆች ከቤት ሲወጡ፣ ሌሊቱ ሲረዝም ያ የተቀበረ ነገር ይነሣል። ይህን የሚሰማ ሰው በክፍሉ ውስጥ ፊት ለፊት መቀመጥ አለበት፤ በየጊዜውም ያው ሰው መሆን አለበት። በስልክ ግን ዛሬ አንዱ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላው ነው የሚያነሣው።

ስልኩም ሳይኖር ሲቀር ደግሞ ምን እንደሚደረግ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ልጅ ይጠራል። ወላጆች ሆይ፣ በዚህ ላይ ጠንከር ብለን እንናገራለን። የ12 ዓመት ልጅ እናቷ ሌሊት ለምን እንደማትተኛ፣ አባቷ ምን እንዳደረገ፣ እናቷ መኖር እንደሰለቻት በገዛ አፏ እንድትተረጉም ማድረግ ሸክሙን ከእናት ትከሻ አንሥቶ በልጅ ትከሻ ላይ መጣል ነው። ልጅቷ ከትምህርት ትቀራለች፤ ከዚያ የሚብሰው ግን የሰማችውን መርሳት አለመቻሏ ነው። እናትም ልጇን ላለማስጨነቅ ስትል ዋናውን ነገር አትናገርም፤ «ራሴን ያመኛል» ብላ ታልፋለች። ሐኪሙም የራስ ምታት መድኃኒት ያዛል። እንግዲህ በዚያ ክፍል ውስጥ ማን ታከመ? ሐኪም «ልጅዎ ትተርጉም» ቢላችሁ፣ «አይሆንም፣ ሰው አምጡልኝ» ማለት ትችላላችሁ። በ1996 የወጣው የታካሚዎች መብት ሕግም ማብራሪያ ለታካሚው በሚገባው መንገድ እንዲሰጠው ያዛል።

ስለዚህ አገናኝ ሠራተኛ ያስፈልጋል ስንል አስተርጓሚ ብቻ ማለታችን አይደለም። አስተርጓሚ ቃልን በቃል ይለውጣል። አገናኝ ግን ቃሉ ከየት እንደመጣ ያውቃል። በእኛ ቋንቋ ሐዘን የሚቀመጠው በሆድና በልብ ውስጥ ነው። «ሆዴ ባባ»፣ «ሆድ ባሰኝ»፣ «አንጀቴ ተቃጠለ»፣ «ልቤ ተሰበረ» እንላለን። ይህ ቃል በቃል ወደ ዕብራይስጥ ሲገባ፣ ሐኪሙ ሰውየውን ለአንጀት ምርመራ ይልከዋል። ምርመራው ንጹሕ ሆኖ ይመለሳል፤ ከዚያ ለልብ ምርመራ ይላካል፤ እሱም ንጹሕ ነው። በመጨረሻ «ምንም የለብዎትም» ይባላል። ሰውየው ግን አለበት።

ከዚህ የሚያስፈራው ተቃራኒው ነው። ሐኪሙ በደንቡ መሠረት «ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማሃል?» ብሎ ይጠይቃል። አባታችን በቅንነት «አዎን፣ የሞተችው እናቴ በስሜ ስትጠራኝ እሰማለሁ» ይላሉ። በሐዘን ላይ ላለ ሰው፣ ሌሊት በእንቅልፍ ዳር እንዲህ ያለ ነገር መስማት እብደት አይደለም። አገናኙ ሐኪሙን «መቼ እንደሆነ ይጠይቁ፣ ሲሰሙ ይፈራሉ ወይስ ይጽናናሉ ብለው ይጠይቁ» ሊለው ይችላል። ስለ ዛር ሲነሣም እንደዚሁ ነው፤ ሰውየው የሚያምነውና የሚያመው አንድ ላይ ሲቀርቡ የሚለይለት ሰው ይፈልጋል። ዓይንን ዝቅ አድርጎ በትልቅ ሰው ፊት ዝግ ብሎ መናገር በእኛ ዘንድ ጨዋነት ነው፤ በሐኪሙ ወረቀት ላይ ግን «ከሰው ጋር አይገናኝም» ተብሎ እንዳይጻፍ የሚያስረዳ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል አገናኙ ማለስለስ የለበትም። ታካሚው «መሞት እፈልጋለሁ» ካለ፣ ነውር መስሎት «ትንሽ ደክሞታል» ብሎ መተርጎም ነፍስ ያስጠፋል። ለዚህ ነው የሠለጠነ፣ በየሳምንቱም የሚመራውና የሚያማክረው ባለሙያ ያለው አገናኝ የምንፈልገው። ዕብራይስጥ የሚችል ዘመድ ይህን አይተካም። እንዲህ ያለው ሥራ በዚህ አገር አዲስ አይደለም፤ ከ1998 ጀምሮ ረፉአ ሽሌማ በሚባለው ፕሮግራም የማኅበረሰባችን ልጆች በኩፓ ክሊኒኮች ውስጥ በአገናኝነት ሠርተዋል።

እዚህ ላይ ኩፓው የሚያነሣው አንድ ክርክር አለ፤ እውነትም አለበት። በአገናኝ በኩል የሚደረግ ንግግር ጊዜ ይወስዳል። እያንዳንዱ ነገር ሁለት ጊዜ ስለሚነገር፣ የ50 ደቂቃ ቀጠሮ ለታካሚው የ25 ደቂቃ ያህል ነው። የሠራተኛው ሥራ የሚቆጠረው ባየው ሰው ብዛት ከሆነ፣ የእኛን ሰዎች የሚያይ ሠራተኛ ሰነፍ ይመስላል፤ ቀስ በቀስም እኛን መሸሽ ይጀምራል። ስለዚህ አገናኝ መቅጠሩ ብቻ አይበቃም፤ በአገናኝ የሚደረግ ቀጠሮ እንደ ሁለት ቀጠሮ ይቆጠር ብለን መጠየቅ አለብን። ይህ ትንሽ የቢሮ ነገር ይመስላል፤ ሕክምናው የሚሳካውም የሚከሽፈውም ግን እንዲህ ባለው ነገር ነው።

አሁን ደግሞ እናንተ ራሳችሁ በየቤቱ የነገራችሁንን ፍርሃት እናንሣ። «የእኛ ሰው ከተቀጠረ ምሥጢራችን በሰፈሩ ይዞራል። ያቺ ልጅ የአክስቴ ጎረቤት ናት። በሠርግ ላይ ስታየኝ ምን ታስባለች?» ትላላችሁ። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ማኅበረሰባችን ትንሽ ነው፤ በልጁ ሕመም ምክንያት የልጁ እህት ትዳር እንዳይበላሽ የሚሰጋ ወላጅ ብዙ ነው። በሕጉ አገናኙም እንደ ሐኪሙ ምሥጢር መጠበቅ ግዴታው ነው። ሕግ ግን ያላመነውን ሰው አፍ አይከፍትም። ስለዚህ የእኛ ሐሳብ ይህ ነው፤ አንድ ሙሉ ጊዜ አገናኝ ከመቅጠር ሁለት ግማሽ ጊዜ ይቀጠሩ። አንዷ ሴት፣ አንዱ ወንድ ይሁኑ፤ ቢያንስ አንዳቸው ከሌላ ከተማ የሚመጡ ይሁኑ፤ አንዳቸው ትግርኛ ይቻሉ። ታካሚው ይምረጥ፤ ሁለቱንም ካልፈለገ በስልክ አስተርጓሚ ይጠቀም፤ ምክንያቱንም አይጠየቅ። ይህ ኪሳራ የለውም አንልም። ግማሽ መደብ ደሞዙ ትንሽ ስለሆነ ሰዎች ሌላ ሥራ ሲያገኙ ይለቃሉ፤ እንደገና ማሠልጠን ይመጣል። ይህን አመዛዝነን ነው የምንለው፤ ታካሚ የማይገባበት ሙሉ መደብ ከሚኖረን ሰው የሚገባበት ሁለት ግማሽ ይሻላል።

ወደ ነርስ እንምጣ። በብዙ ዕቅድ ላይ ነርስ መጨረሻ ላይ ትጻፋለች፤ በጀት ሲጎድል ደግሞ መጀመሪያ ትሰረዛለች። የድብርት መድኃኒት ግን ሥራውን የሚጀምረው ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በኋላ ነው፤ ማቅለሽለሽና መፍዘዝ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣል። ሰውየው «አሳመመኝ እንጂ አልረዳኝም» ብሎ በሳምንቱ ይተወዋል። በ7ኛው ቀን በአማርኛ ደውሎ «እንዴት ነዎት? ይህ የሚጠበቅ ነው፣ ትንሽ ይታገሡ» የሚል ሰው ቢኖር ብዙዎች አይተዉትም ነበር። እንደ ኦላንዛፒን ያሉ አንዳንድ መድኃኒቶች ክብደትና ስኳር ይጨምራሉ፤ ስኳር በማኅበረሰባችን ስንት ቤት እንደገባ እናንተው ታውቃላችሁ። ማን ይለካል? ሊትየም የሚወስድ ሰው ደግሞ በጾም ቀን ውኃ ሳይጠጣ ሲውል መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ከመጠን በላይ ሊሆንና ሊመርዘው ይችላል። ጾማችንን የማታውቅ ክሊኒክ ይህን አትጠይቅም፤ አባታችንም ሳይጠየቁ አይናገሩም። በቤታችሁ ሊትየም የሚወስድ ሰው ካለ፣ ከሚቀጥለው ጾም በፊት ሐኪሙን ጠይቁ፤ ይህን ስብሰባውን ሳትጠብቁ ነገ አድርጉት። መድኃኒቱንም በራሳችሁ ፈቃድ በአንድ ጊዜ አታቋርጡ።

ሦስተኛውን አማራጭ፣ ማለትም ሕክምናው በቤተሰብ ሐኪም ዘንድ ይሁን የሚለውን፣ በንቀት አንለፈው። ነውርን ይሸፍናል፤ በር ላይ «የአእምሮ ጤና» የሚል ጽሑፍ የለም። ውጤቱም በጥናት ታይቷል። በአሜሪካ በ18 ክሊኒኮች፣ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ በሆነ 1,801 ድብርት ባለባቸው ሰዎች ላይ የተደረገና በ2002 የታተመ ጥናት አለ። በአንደኛው ወገን ነርስ ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ከቤተሰብ ሐኪሙ ጋር ተቀምጣ ታካሚውን በየጊዜው ትከታተላለች፤ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ከጀርባ ሆኖ ያማክራል። ከአንድ ዓመት በኋላ በዚህ መንገድ ከታከሙት 45 በመቶው የሕመም ምልክታቸው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ቀንሷል። እንደ ቀድሞው በተለመደው መንገድ ከታከሙት ግን 19 በመቶው ብቻ ናቸው። ሐኪሙ አንድ ዓይነት ሆኖ ለውጡን ያመጣው የምትከታተል ሰው መኖሯ ነው።

ለሽማግሌዎቻችንና ለእናቶቻችን ደስ የሚላችሁ ሌላ ምሳሌ ከአፍሪካ እንጨምር። በዚምባብዌ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ በ2006 በሐራሬ ከተማ በምባሬ ሠፈር 14 አረጋውያን እናቶችን አሠልጥነው በክሊኒክ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። የጨነቀው ሰው መጥቶ አጠገባቸው ይቀመጣል፤ እነሱ ሰምተው ችግሩን አንድ በአንድ እንዲፈታ ያግዙታል። የአገሩ ሰዎች ሕመሙን የሚጠሩት «ማሰብ መብዛት» በሚል ቃል ነው፤ ልክ እኛ «ሐሳብ በዛብኝ» እንደምንለው። በ2016 በታተመው ጥናት በ24 ክሊኒኮች 573 ሰዎች ተሳትፈው፣ ከስድስት ወር በኋላ በእናቶቹ የታገዙት የሕመም ምልክታቸው ከሌሎቹ በእጅጉ ቀንሶ ተገኝቷል። ሽምግልና ለእኛ አዲስ ነገር ስላልሆነ ይህ ወደ ልባችን ይቀርባል። ነገር ግን ልብ እንበል። እነዚያ እናቶች ሠልጥነዋል፣ የሚቆጣጠራቸው ባለሙያ አለ፣ ከባድ ሕመም ሲያዩ ወደ ሐኪም ይልካሉ። ኩፓው «እናንተ ሽማግሌዎች አሏችሁ፣ ሐኪም ምን ያደርግላችኋል» ቢለን አንቀበልም። በጀት የሚቆጥብ ነገር ሁሉ ቶሎ ይወደዳል፤ ከባድ ሕመም ያለበት ወጣት ግን በወንበር ላይ በሚደረግ ምክር አይድንም።

«ታዲያ ለምን አማርኛ የሚችል ፕሲኮሎግ አንጠይቅም?» የሚል አለ። እንጠይቅ፤ ግን መንገዱ ረጅም መሆኑን እንወቅ። በዚህ አገር የክሊኒካል ሥነ ልቦና ባለሙያ ለመሆን ከሁለተኛ ዲግሪ በኋላ በግማሽ ጊዜ የአራት ዓመት ልምምድ አለ። በማኅበራዊ ኑሮ ሥራ የተመረቁ የማኅበረሰባችን ልጆች ግን ቁጥራቸው ከዚያ ይበልጣል፤ በመጀመሪያ የምንፈልጋቸው እነሱን ነው። አንድ ነገር በፍቅር እንበል፤ ከወገናችን የተወለደ ሁሉ አማርኛ ይችላል ማለት አይደለም። እዚህ ያደገ ልጅ «ደህና ነዎት?» ሊል ይችላል፤ «ሆዴን በላኝ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ግን ላይገባው ይችላል። ስለዚህ በቅጥር ማስታወቂያው ላይ የቋንቋ ችሎታ በእውነት ይፈተን ተብሎ ይጻፍ።

ልጆቻችንስ? ለእነሱ አገናኝ አያስፈልግም፤ ዕብራይስጣቸው ከእኛ አማርኛ ይበልጣል። እነሱ የሚፈልጉት በመንገድ ላይ ፖሊስ በመልኩ ምክንያት ሲያስቆመው ምን እንደሚሰማው ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት የማያባክኑበትን ሰው ነው። በ2015 እና በ2019 ወጣቶቻችን አደባባይ የወጡት ያለ ነገር አይደለም። ለወጣት ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የሚዘጋ ክሊኒክ የተዘጋ ክሊኒክ ነው፤ ከሥራና ከትምህርት በኋላ ቢያንስ ሁለት ማታ ይከፈት ብለን እንጠይቃለን።

እንግዲህ ከሦስቱ መደብ የምንመርጠው ይህ ነው። የሐኪም ግማሽ፣ የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኛ ሙሉ፣ የነርስ ግማሽ፣ የአገናኝ ሁለት ግማሽ። ነርሷ በሳምንት አንድ ቀን በቤተሰብ ሐኪሞች ዘንድ ትቀመጥ፤ ከሦስተኛው አማራጭ መልካሙን እንውሰድ። ቡድኑ በሳምንት አንድ ጊዜ አብሮ ይቀመጥ፤ አገናኞቹም በዚያ ጠረጴዛ ላይ እንደ ሠራተኛ ይቀመጡ እንጂ ሲጠሩ ብቻ ብቅ የሚሉ አይሁኑ።

ግማሽ ጊዜ ሐኪም ያንሳል የሚል ካለ፣ ለአብነት ያህል እናስላ። በሳምንት 20 ሰዓት አለው እንበል። አራት አዲስ ታካሚ ለእያንዳንዱ ሰዓት ተኩል ቢሰጥ 6 ሰዓት ነው። ሃያ ሁለት የቆዩ ታካሚዎች በግማሽ ሰዓት ቢታዩ 11 ሰዓት ነው። ለቡድን ስብሰባና ለስልክ 3 ሰዓት ይቀራል። ጠባብ ነው፤ እውነቱን መናገር ይሻላል። የሚያዛልቀው ነርሷና የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኛዋ መሐሉን ሲሸፍኑት ብቻ ነው። በቂ ካልሆነ ከስድስት ወር በኋላ ይታይ ብለን ደግሞ እንጠይቃለን። ያን ጊዜ የሚቆጠረው የተሰጠ ቶር ብዛት ብቻ እንዳይሆን፤ ከመጀመሪያው ቀጠሮ በኋላ ስንቱ ተመልሶ መጣ ተብሎ ይቆጠር፤ አማርኛና ትግርኛ ተናጋሪውም ለብቻው ይቆጠር። ኩፓው በውጭ ወዳሉ የግል ባለሙያዎች ሊልከን ቢፈልግም፣ እዚያ ለየቀጠሮው ክፍያ እንደሚጠየቅ አስቀድማችሁ እወቁ፤ «ስንት ነው?» ሳትሉ አትፈርሙ።

ከዚህ ሁሉ መሐል በቤቱ አሁን የሚቸኩል ሰው ያለበት ይኖራል። ራሱን ሊጎዳ የሚያስብ ሰው ካለ ስብሰባም ቅጥርም አይጠበቅም። የኤራን የእርዳታ ስልክ 1201 ነው፤ ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ 101 ደውሉ፤ ሰውየውንም ብቻውን አትተዉት። ዕብራይስጥ ቢቸግራችሁ የመጣችሁትን ሁሉ እኛ አብረን እንደውላለን።

ከኩፓው ኃላፊዎች ጋር የሚደረገው ስብሰባ በሚቀጥለው ሳምንት በማትናሱ ነው። ቄሶቻችንና ሽማግሌዎቻችን ከፊት ቢቀመጡ ቃላችን ይከብዳል። በስብሰባው ላይ ግን የማንንም ሕመምተኛ ስም አትጥሩ፤ የራሳችሁን ልጅም ቢሆን። በሰው ፊት መናገር የማይፈልግ አሳቡን ጽፎ በፖስታ አሽጎ ይስጠን፤ ስም አይጻፍበት። መጻፍ የማይችል ካለ ዛሬ ከዚህ ስንወጣ ጥግ ላይ እንቀመጣለን፤ አንድ በአንድ እየመጣችሁ ንገሩን፣ እኛ እንጽፋለን።